አራተኛው ቸርኬ

ሐሙስ፣ የካቲት 6 ቀን፣ ከሰዓት በኋላ

ለምሳሳልሽ ልጄ፣

ጉንፋኑ ለቀቀሽ ወይ? በስልክ ድምፅሽ ተዘግቶ ስሰማው አንጀቴን በላሽው። ቶሎ የዘጋሁብሽ ተሰላችቼ እንዳይመስልሽ። አባትሽ ከኋላዬ ቆሞ ነበር፤ እኔ ደግሞ እሱ ባለበት የማልናገረው ነገር ነበረኝ። አሁንም እዚሁ ነው። በሥራ ክፍሉና በሳሎኑ መካከል ያለው በር ክፍት ስለሆነ ከተቀመጥኩበት ጀርባው ይታየኛል። በርጩማው ላይ ተቀምጧል፤ ጭኑ ላይ ቸርኬ አስቀምጧል። እንዲህ ከሆነ ቆየ።

ወንድምሽ ከሥራ ሲወጣ ይመጣል። እሱ ሳይደርስ ለአንድ ሰው ሁሉንም ብናገር ይቀለኛል ብዬ ነው ብዕር ያነሳሁት። ከመጨረሴ በፊት ከመጣ አቆማለሁ፤ በኋላ እቀጥላለሁ። አሁን ግን ከመጀመሪያው ልንገርሽ።

ወንድምሽ መኪና መግዛቱን ታውቂያለሽ፤ ፎቶውን ልኮልሻል። መኪናው ደህና ነው። እሱ ግን የብረት ቸርኬውን አልወደደውም፤ "የአስከሬን መኪና አስመሰለው" ይላል። ባለፈው ሳምንት አራት የአልሙኒየም ቸርኬ ይዞ መጣ፤ የሚያብረቀርቅ፣ ክንዶቹ እንደ ኮከብ የተዘረጉ። እንዳይጫጫሩበት ከኋላ ወንበር ላይ ብርድ ልብስ አልብሶ ነው ያመጣቸው። ልጁን እንኳ እንደዚያ ሸፍኖ አይቼው አላውቅም።

አባትሽ አንዱን አነሳና የመሃሉን ቀዳዳ ዙሪያውን በጣቱ ዳሰሰው።

"ይሄ ጫማ የማን ነው?" አለው።

"የኔ ነዋ፣ አባዬ።"

"ጫማው ያንተ ይሆናል። የተሰፋው ግን ለሌላ እግር ነው።"

"አውቃለሁ። ታዲያ ለዚህ አይደል አንተ ጋ ያመጣሁት?"

እኔ በገባኝ መጠን ላስረዳሽ። ቸርኬው መሃል ላይ ትልቅ ቀዳዳ አለው፤ የመኪናው ሞዞ፣ ማለት ጎማው የሚታሰርበት ክፍል፣ እዚያ ውስጥ ይገባል። የእነዚህ ቀዳዳ ለወንድምሽ መኪና ይጠባል። በዙሪያው ደግሞ አምስት የቡሎን ቀዳዳዎች አሉት፤ የእሱ መኪና ቡሎኖች ግን ከዚያ ትንሽ ተራርቀው ነው የተቀመጡት። ከሩቅ ስታዪው ምንም ልዩነት የለውም፤ ሲያስጠጉት ነው እምቢ የሚለው። ስለዚህ የመሃሉ በቶርኖ ይሰፋል። አሮጌዎቹ አምስት ይተዉና በየመካከላቸው አዲስ አምስት ይበሳሉ። ለእያንዳንዱ አዲስ ቀዳዳም ቡሎኑን የሚያጠብቀው ዳዶ ገብቶ የሚቀመጥበት ስርጉድ ይወጣለታል። አሮጌዎቹ ኋላ በስቱኮ ተደፍነው ቀለም ይቀባባቸዋል።

አባትሽ መጀመሪያ እምቢ አለ። "ይሄ ሰው የሚሸከም ነገር ነው፤ የበር እጀታ አይደለም" አለው።

ወንድምሽ ሳቀ። "እሺ፣ እንግዲያው አደባባዩ ጋ ያሉት በሞረድ ያሰፉልኛል። ሻይ እየጠጣሁ ይጨርሱታል።"

"በሞረድ" አለ አባትሽ። በማግስቱ ጠዋት የቶርኖውን ድምፅ ሰማሁ።

አሁን እስካሁን ሳልነግርሽ ወደቆየሁት ነገር ደረስኩ።

አባትሽ አያይም። ጨርሶ ጨልሞበት አይደለም። ሰው ሲገባ ያውቃል፤ መንገዱን ብቻውን ይሄዳል፤ ከቁመናዬ ተነስቶ የለበስኩትን ይገምታል። ጥቃቅኑ ነገር ነው የጠፋበት። የመለኪያው፣ የካሊፐሩ፣ መስመሮች ጠፍተውበታል። አንቺ በስልክ "አባዬ እንዴት ነው?" ስትይኝ "ደህና ነው፣ ይሠራል" እልሻለሁ። መሥራቱን ይሠራል።

እንዴት እንደምንሠራ ልንገርሽ። የቶርኖውን መንጋጋ እኔ በጨርቅ እጠርጋለሁ፤ አንዲት ፍቅፋቂ ከሥር ከቀረች ዕቃው ጠሞ ይታሰራል። እሱ ያስራል፤ እሱ ይቆርጣል። ሲቆርጥ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ድምፁን ያዳምጣል። ከዚያ ማሽኑን ያቆምና ካሊፐሩን ራሱ ያስገባል፣ ራሱ ያጠብቃል፣ ያወጣል። ወደ እኔ ያዞረውና "ስንት ይላል?" ይለኛል። አነብለታለሁ። "ልክ ነው" ይለኛል፤ ተማሪ እንደሚፈትን።

መጀመሪያ ሰሞን እውነትም ሊያስተምረኝ መስሎኝ ነበር። ደስ ብሎኝም ነበር፤ ዕድሜዬን ሙሉ ከዚያ ክፍል ጥጥ የመሰለ ፍቅፋቂ ስጠርግ ኖሬ አንድ ነገር ሊያሳየኝ ፈለገ ብዬ። ሰንብቶ ገባኝ። ዓይንህ እንዴት ነው ብዬው አላውቅም። እሱም አንስቶልኝ አያውቅም። ደንበኛ ካለ ድምፁን ከፍ ያደርግና "እሷ እኮ አሁን እኔን በልጣለች። እስቲ አንቺ፣ ስንት ይላል?" ይላል። ደንበኛው ይስቃል። እኔም ስቄ አነባለሁ።

ወንድምሽ ይህን አያውቅም። ቢያውቅ ምን እንደሚል አውቃለሁ። ከአምና ጀምሮ "አባዬ በቃ ይረፍ፤ ማሽኑን አውጥተን ክፍሉን ለሱቅ እንስጠው" ይላል። በክፋት አይደለም። ግን ማሽኑ ከወጣ በኋላ አባትሽ ጠዋት ተነስቶ ወዴት እንደሚሄድ አላሰበበትም። እኔ አስቤበታለሁ። ልብስ ሳጥብ፣ ሰልፍ ስጠብቅ፣ ከአንቺ ጋር እያወራሁ እንኳ አስበዋለሁ።

ሦስቱን ቸርኬዎች አብረን ሠራን። የዳዶው ስርጉድ ከሚገባው በላይ እንዳይጠልቅ አባትሽ መብሻው ማሽን፣ ትራፓኖው፣ ላይ ማቆሚያ ቀለበት አሰረበት፤ ቀለበቱ ቸርኬውን ሲነካ ከዚያ አይወርድም። ቀለበቱን የምትይዘው የጥፍር ጫፍ የምታክል ቪቴ ናት። እንደዚያም ሆኖ እያንዳንዱ ስርጉድ ሲያልቅ ካሊፐሩን ወደ እኔ ያዞራል። "ስንት ይላል?" እነግረዋለሁ። "ልክ ነው።" ሦስቱን ወንድምሽ ወዲያው ወስዶ ለቀለም ቀቢው ሰጠ። ቅዳሜ ከሚስቱና ከትንሿ ልጁ ጋር አማቾቹ ዘንድ ሊወርዱ ነው፤ በአዲሱ ጫማ መሄድ ፈልጓል። ያንን ቁልቁለት ታውቂዋለሽ። ትንሽ ሳለሽ ዓይንሽን ጨፍነሽ ነበር የምትወርጂው።

ማክሰኞ የወንድምሽ ሚስት ደወለችልኝ። ትንሿን ትኩሳት ይዟት ነበር፤ እሷ ደግሞ ከሥራ መቅረት አልቻለችም። "ሂጂ፣ ዛሬ ሥራ የለም፤ አራተኛውን ነገ እንጨርሰዋለን" አለኝ አባትሽ። ሄድኩ። ስመለስ ቸርኬው ጨርቅ ላይ ተቀምጧል፣ እሱ እጁን እየታጠበ ነው።

"አለቀ" አለኝ።

"ብቻህን?"

"ድሮስ ከማን ጋር ነበር?"

ፈገግ ብሎ ነው ያለኝ። ሳሙናውን አስቀምጦ እንደገና አነሳው፤ ፊቱንም ታጠበ። እራት ላይ አንቺ ልጅ ሆነሽ የሠራሽውን ነገር እያነሳ አሳቀኝ። እንዲህ ሆኖ ካየሁት ረጅም ጊዜ ሆኖኝ ነበር። ካሊፐሩን ማን አነበበልህ ብዬ ልጠይቀው አፌ ድረስ መጥቶ ነበር። ዋጥኩት። ማቆሚያው እንደታሰረ ነው፣ ሦስቱ ላይ አልተሳሳተም፣ አራተኛው ላይ ለምን ይሳሳታል ብዬ ራሴን አሳመንኩ። እሱም እንደዚያ ብሎ ነው ራሱን ያሳመነው፤ አሁን ሳስበው።

ትናንት ጠዋት ገበያ ደርሼ ስመለስ ወንድምሽ አራተኛውን ወስዶታል። ክፍሉን መጥረግ ጀመርኩ። ከትራፓኖው ሥር፣ ከነጩ ፍቅፋቂ ውስጥ፣ ቪቴዋን አገኘኋት።

መጥረጊያውን አቆምኩት። ማቆሚያ ቀለበቱን በጣቴ ገፋ አደረግኩት። ወደ ላይ ሄደ። ወደ ታች ሄደ።

አባትሽ ሳሎን ሬዲዮ እያዳመጠ ነበር። ቪቴዋን ሽርጤ ኪስ ውስጥ ከተትኳትና መጥረጌን ቀጠልኩ። ያን ቀን ሙሉ አልነገርኩትም። ምናልባት ሁሉም ካለቀ በኋላ ነው የወደቀችው አልኩ። ምናልባት እኔው ስጠርግ በመጥረጊያው መትቻት ነው አልኩ። ደግሞ ትንሿን ከኋላ ወንበር ተቀምጣ አየኋት። ትኩሳቷ ለቋት፣ እግሯን እያወዛወዘች።

ዛሬ ጠዋት ካሊፐሩን ከሽንኩርቱ ዘንቢል ውስጥ አድርጌ ቀለም ቀቢው ዘንድ ሄድኩ። ይህ ሰው የሰፈሩን ወሬ ሁሉ ስለሚያዳርስ ጋዜጣ ነው የሚሉት፤ እሱም ሲጠሩት አቤት ይላል።

"እትዬ፣ ዛሬ ምን እግር ጣለዎት?"

"የልጄን ቸርኬዎች ልያቸው ብዬ።"

"ይዩዋቸው። የጋሼ ሥራ እኮ ነው። እኔ ለሁሉም የምለው ነው፤ ጋሼ ጣታቸው ላይ ዓይን አላቸው።"

አራቱም ከሽቦ ላይ ተንጠልጥለዋል። ስቱኮው ተሞልቶ፣ የመጀመሪያው ግራጫ ቀለም ተረጭቶባቸው፣ አራቱም አንድ ሆነዋል። የትኛው የማክሰኞው እንደሆነ መለየት አልቻልኩም።

"የሚጠጣ ውሃ ይኖርሃል?" አልኩት።

ወደ ውስጥ ሲገባልኝ ካሊፐሩን አወጣሁ። አንደኛው ቸርኬ፣ አምስቱም ልክ። ሁለተኛው፣ ልክ። ሦስተኛው ላይ የመጀመሪያው ስርጉድ ልክ ነው፤ ቀጣዩም ልክ ነው፤ ከዚያ ትንሽ ወረደ፤ ከዚያ ብሶ ወረደ። የመጨረሻው ላይ ካሊፐሩ ገባና ገባ፤ የማክሰኞው እሱ ነበር። አንብቤ ጨርሼ አላምን አልኩ፤ ከጀርባው በኩል አውራ ጣቴን፣ ከፊት ሌባ ጣቴን አድርጌ ያዝኩት። በጣቶቼ መካከል የቀረው አልሙኒየም ከሳህን አይወፍርም። ያንን ሊይዘው ነው ዳዶው። ከላይ ቀለም ሲቀባ ደግሞ ከወንድሞቹ ሁሉ እሱ ያምራል።

"ምን እየለኩ ነው?" ጋዜጣ ብርጭቆ ይዞ ከኋላዬ ቆሟል።

"አባታቸው ይሄኛውን ለናሙና ይፈልገዋል። ሌላ ደንበኛ መጥቶበት።"

"ቀለሙ ሳይደርቅ?"

"ሳይደርቅ።"

"ጋሼም ነገረኛ ሆነዋል" አለ እየሳቀ። ቸርኬውን አውርዶ በካርቶን ጠቀለለልኝ። ታክሲ ውስጥ አቅፌው መጣሁ፤ ቀሚሴ ግራጫ ሆኗል።

መንገድ ላይ ለአባትሽ የምለውን ሳዘጋጅ ነበር። ጋዜጣ ጣለው እለዋለሁ። ልጁ ሐሳቡን ቀየረ እለዋለሁ። ቤት ስደርስ አንዱም አልወጣኝም።

"ቀለም ይሸታል" አለኝ ገና ከበሩ።

"አራተኛውን አምጥቼው ነው።"

ካርቶኑን ፈታሁ። ሌባ ጣቱን ያዝኩና የመጀመሪያው ስርጉድ ውስጥ አስገባሁለት፤ ከዚያ የመጨረሻው ውስጥ። ከዚያ በላይ አላስፈለገም። ጣቱ ራሱ ወደ መጀመሪያው ተመለሰ፣ እንደገና ወደ መጨረሻው ሄደ። ከጀርባው በአውራ ጣቱ ጫን አደረገው።

"ማቆሚያው ነው" አለ።

"ቪቴዋ ወድቃ ነበር። ስጠርግ አገኘኋት።"

"መቼ?"

"ትናንት ጠዋት።"

"ትናንት አግኝተሻት ዛሬ ነገርሽኝ።"

ይህን ብቻ ነው ያለው። ቁጣ ቢሆን በቻልኩት ነበር። ቸርኬውን ወስዶ ጭኑ ላይ አስቀመጠ፤ እንደዚያው ነው እስካሁን።

ወንድምሽ ሲመጣ ምን እንደሚለው አላውቅም። ቸርኬው ድሮም የተሰነጠቀ ነበር ካለው ሌላ አንድ ይፈልግና ያመጣል፤ እንደገና ይበሳል። ምንም የለውም ካለው ደግሞ... እንደዚያ አይልም። ልጄ፣ አባትሽን አውቀዋለሁ፤ እንደዚያ አይልም። ግን እኔ ትናንት ምን እንዳደረግኩ ስታዪው፣ ሰው በአንድ ቀን ምን ሊል እንደሚችል እርግጠኛ አይደለሁም። አንድ ነገር ወስኛለሁ። እሱ ዝም ካለ እኔ እናገራለሁ፤ ሳነብ ተሳስቼ ነው እላለሁ። ቸርኬው ግን ከዚህ ቤት አይወጣም።

የመኪና ድምፅ ሰማሁ። ላቁም።

ዓርብ ጠዋት

ወንድምሽ እየተቆጣ ነው የገባው።

"አባዬ፣ አራተኛውን ምን ሆኖ ነው ያስመለስከው? ጋዜጣ 'እናትህ ለናሙና ይዛው ሄደች' ይለኛል። የምን ናሙና ነው?"

አባትሽ ከበርጩማው አልተነሳም። "ይሄ አይታሰርም" አለው።

"ለምን?"

"የዳዶው መቀመጫ ጠልቋል። ከሥሩ ምንም አልቀረም።"

"ማን ነው ያጠለቀው?"

አፌን ከፈትኩ። አባትሽ ወደ እኔ ሳይዞር እጁን አነሳ። "ተይ" አለኝ፤ በቀስታ ነው ያለኝ።

"እኔ ነኝ" አለው። "ቁጥሩን አላየውም። ከክረምት ወዲህ አላየውም። እናትህ ናት የምታነብልኝ። ማክሰኞ አልነበረችም።"

ወንድምሽ የመኪናውን ቁልፍ እንደያዘ ቆሞ ቀረ። ስለ ማሽኑ ይናገራል፣ 'አላልኳችሁም?' ይላል ብዬ ጠበቅኩ። እሱ ግን ያላሰብኩትን ጠየቀ።

"ሦስቱስ?"

"ሦስቱን እሷ አንብባቸዋለች" አለ አባትሽ።

"እማዬ?"

"አንብቤያቸዋለሁ" አልኩት። "ትናንትናም ሁለቱን... ዛሬ ማለቴ ነው፣ ጠዋት ጋዜጣ ዘንድ ሁለቱን እንደገና ለክቻቸዋለሁ።"

አንዴ እኔን፣ አንዴ አባቱን አየ። ልጁን እያሰበ መሆኑ ገባኝ፤ ፊቱ ላይ ነበረች። እናቱን ማመን ፈልጎ ያቃተው ሰው ምን እንደሚመስል ትናንት አየሁ።

"በድሮው የብረት ቸርኬ እንሄዳለን" አለ በመጨረሻ።

"እኔም እሱን ልልህ ነበር" አለው አባትሽ። "ሦስቱንም አምጣቸው። ከመሄድህ በፊት መኪናው ላይ ያሉትን ዳዶዎች ልፈትሽልህ፤ እነሱን በእጄ ማወቅ እችላለሁ።"

ወጥተው አብረው ፈተሹ። አባትሽ ቁልፉን ይዞ፣ ወንድምሽ ክሪኩን ይዞ። እያንዳንዷን ዳዶ አባትሽ አጠበቀ፤ ወንድምሽ ደግሞ እሱ ካጠበቀ በኋላ ደገመው። አባትሽ ሲደግመው ሰምቷል። ሲሄድ ወንድምሽ በሩ ላይ ጎትቶ ያዘኝና "ስመለስ እንነጋገራለን" አለኝ። ጉንጬን ስሞኝ ሄደ። ምን እንደምንነጋገር ይገባሻል።

ሦስቱን ቸርኬዎች ማታውን አምጥቶ ግድግዳው ላይ አስደግፏቸው ነበር። ዛሬ ገና ቁርስ ሳንበላ አባትሽ አንዱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ካሊፐሩን አስገብቶ፣ አጠብቆ፣ አወጣው። ወደ እኔ አዞረው።

"ስንት ይላል?"

ወሰድኩት። ወደ መስኮቱ ጠጋ አልኩ፤ ከዚያ እስከ በሩ ሄድኩ፣ ፀሐይ ወዳለበት። ነገርኩት።

ልክ ነው አላለኝም።

"እንደገና አንብቢው" አለኝ።

እንደገና አነበብኩ። ያንኑ ነገርኩት።

አንገቱን ዘንበል አድርጎ ቆየ፤ ሲቆርጥ እንደሚያደርገው። "በፊት እዚሁ አጠገቤ ቆመሽ ነበር የምታነቢው" አለኝ።

"አምፖሉ ደክሟል" አልኩት።

አምፖሉን የቀየርነው በቅርቡ ነው፤ መሰላሉን የያዘልኝም እሱ ነው። ካሊፐሩን ከእጄ ወስዶ መስቀያው ላይ ሰቀለው። ቸርኬዎቹ ለጊዜው እዚያው ይሁኑ፣ ለወንድምሽ ሲመለስ እንሰጠዋለን ወይስ አንሰጠውም፣ አንቺ ወስኚ አለኝ። ገና አልመለስኩለትም። ይህን የምጽፍልሽም ሳልመልስለት ነው።

እስኪ አንቺ እዚያ ተምረሻል፣ ዓይን ሐኪም ዘንድ ለመሄድ ሰው ምን ምን መጠየቅ እንዳለበት ጻፊልኝ። ለአባትሽ ነው። ሁለት ሰው ባንድ ጊዜ ገብቶ መታየት ይቻል እንደሆነም አብረሽ ጠይቂልኝ።

ወንድምሽና ሚስቱ ነገ በጠዋት ይወጣሉ። ደርሰው እስኪደውሉ አልቀመጥም። አንቺም ባለሽበት ፈጣሪ ከፊትሽ ይቅደም፤ የረገጥሽው መሬት ይጽናልሽ፤ በሄድሽበት ሁሉ የሚያስብልሽ ሰው አያሳጣሽ። ብርዱ እስኪያልፍ አንገትሽን ሸፍኚ።

ስትመልሺልኝ ፊደሉን ተለቅ አድርገሽ ጻፊው።

እናትሽ